የሰፈር የሩጫ ቡድን ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

እሑድ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ያለፈ ሰው፣ በቱታና በሹራብ ተጠቅልለው ሶምሶማ የሚሮጡ ጎረቤታሞችን ሳያይ አይቀርም። አንዳንዱ ስብስብ የጤና ስፖርት ማኅበር ተብሎ የተመዘገበና ማኅተም ያስቀረጸ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ስም እንኳ ሳይኖረው ሮጦ፣ ሰውነቱን አፍታቶ፣ ሻይና ፍርፍር አብሮ ቀምሶ የሚበተን የሰፈር ሰው ነው። በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ ሰዎች ተዋውቀው ተጋብተዋል፣ ታመው ተጠይቀዋል፣ ሐዘን ሲደርስባቸው ተጽናንተዋል። ይህ ሁሉ ግን በአብዛኛው የሚኖረው በአባላቱ ትዝታ ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ነባር አባል ባረፈ ቁጥር ከቡድኑ ታሪክ አንድ ክፍል አብሮት ይቀበራል።

እኔ የምሮጥበት ቡድን ታሪኩ እንዲጻፍ ሲወስን ሥራው ለእኔ ተሰጠ። መጀመሪያ ላይ የመሰለኝ ማን በየትኛው ውድድር ስንተኛ እንደወጣ ሰብስቦ በቅደም ተከተል ማስፈር ነበር። ጥቂት ወራት እንደሠራሁ ግን የያዝኩት የሰዓትና የደረጃ ዝርዝር ስለ ቡድኑ ምንም እንደማይናገር ተረዳሁ፤ ከመካከላችን ውድድር ያሸነፈ ሰው የለም፣ ቡድኑን ይህን ያህል ዘመን ያቆየውም ማሸነፍ አይደለም። የሰፈር ሩጫ ታሪክ ማን ከማን ጋር፣ ከየት ተነሥቶ፣ በየትኛው መንገድ ይሮጥ እንደነበረና ያ ልማድ በምን ምክንያት ሳይቋረጥ እንደቆየ የሚያስረዳ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር ሁሉ ከዚህ አቋም የተነሣ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መንገዱን ሂዱበት

ሰዎችን ቤታቸው ሄዳችሁ ከማነጋገራችሁ በፊት ከሁለት ወይም ከሦስት ነባር አባላት ጋር የድሮውን የሩጫ መንገድ በእግር፣ በዝግታ ተጓዙ። ይህን የማስቀድመው አስቸኳይ ስለሆነ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ምክንያት ፒያሳን ጨምሮ ብዙ ሰፈሮች መልካቸው ተለውጧል፤ የመገናኛ ምልክት የነበረ ሱቅ፣ ልብስ የሚቀመጥበት ጋራዥ፣ ውሃ የሚጠጣበት ቦኖ ዛሬ በቦታው ላይገኝ ይችላል። ከዚህም ሌላ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የማያስታውሰውን ነገር ቦታው ላይ ሲቆም ያስታውሰዋል።

እኛ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ስንጓዝ ጋሼ የምንላቸው አንድ አባል በድንገት ቆም ብለው በባሕር ዛፎቹ መካከል ያለች ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳዩኝ። ለዓመታት፣ አዲስ የመጡና ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰዎች ከእርሷ አልፈው እንዳይሄዱ የተወሰነች መመለሻ ኖራለች። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ እንጦጦ ደግሞ 3,000 ሜትር የሚያልፍ በመሆኑ፣ ለጀማሪ መመለሻ የወሰኑት ሰዎች ነገሩን አስበውበታል ማለት ነው። ጋሼ ከዚያች ድንጋይ ተነሥተው ማን እዚያ ተቀምጦ እንደጠበቀ፣ ማን ለመጀመሪያ ጊዜ አልፏት እንደሄደና በዚያ ቀን እንዴት እንደተጨበጨበለት ነገሩኝ። ከዚያ በፊት ቤታቸው ተቀምጠን ለሁለት ሰዓት ስናወራ ድንጋይዋን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሧትም ነበር።

በጉዞው ላይ በስልካችሁ ድምፅ ቅረጹ፤ እያንዳንዱን ቦታ ፎቶ አንሡ፤ የቀድሞውንና የአሁኑን የቦታ ስም ጎን ለጎን ጻፉ። ተናጋሪው መስቀል አደባባይን «አብዮት አደባባይ» ብሎ ከጠራው እንዳለ መዝግቡት እንጂ አታርሙት፤ የሚናገረው ስለ ደርግ ዘመን ለመሆኑ አንዱ ምልክት ራሱ ስሙ ነውና።

ለታሪክ ተብሎ ያልተጻፈውን ጽሑፍ ፈልጉ

ቀጥሎ የሚፈለገው ወረቀት ነው። የመዋጮ ደብተር፣ ቃለ ጉባኤ፣ የማርፈድ ቅጣት መዝገብ፣ ማልያ የታዘዘበት ደረሰኝ፣ ለሐዘንተኛ ቤተሰብ የተሰጠ ገንዘብ የተፈረመበት ወረቀት፣ ሁሉም ይጠቅማል። እነዚህን የጻፈ ሰው የቡድኑን ስም ለማሳመር ሳይሆን ገንዘብ እንዳይጠፋ ብሎ ስለጻፋቸው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ከሚነገር ትዝታ ይልቅ በቀንና በቁጥር ረገድ ይታመናሉ።

የእኛ ቡድን የመጀመሪያ ደብተር የተገኘው በቀድሞው ገንዘብ ያዥ ቤት፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ ከልጆች የትምህርት ቤት ደብተሮች ጋር ተቆልሎ ነው። ባለ 50 ሉክ ተራ ደብተር ነው፤ የፊት ሽፋኑ የለም፣ የታችኛውን ጠርዝ ውሃ ነክቶት ቀለሙ ፈስሷል። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ኅዳር 30 ቀን 1994 ዓ.ም.» ይላል። ከሥሩ የ11 ሰዎች ስም ተደርድሯል፤ ከዘጠኙ ስም ትይዩ 2 ብር፣ ከሁለቱ ትይዩ «ይቀራል» ተብሎ ተጽፏል፤ ከግርጌው ለሻይና ለዳቦ የወጣው ተቀንሶ ቀሪው ተሰልቷል። ከዚህ አንድ ገጽ ብቻ ቡድኑ በስንት ሰው እንደጀመረ፣ መክፈል ያልቻለ ሰው ከሩጫው እንዳልተከለከለና አብሮ መብላቱ ኋላ የተጨመረ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን የነበረ ልማድ መሆኑን ለማወቅ ችያለሁ።

እንዲህ ያለ ደብተር ስታገኙ ተሸክማችሁ አትሂዱ። ደብተሩ ያስቀመጠው ሰው ንብረት ነው፤ ሃያ ዓመት ሳይጥለው በመቆየቱም ምስጋና ይገባዋል። መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ባዶ ገጾቹን ጭምር ሳትዘሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፎቶ አንሡና እዚያው መልሱለት። የባዶ ገጽ ነገር ቀላል አይደለም። የእኛ ሁለተኛ ደብተር በመጋቢት 2012 ይቆምና ቀጣዩ ገጽ ባዶ ሆኖ ያልፋል፤ በዚያ ወር በ4ኛው ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ፣ በ30ኛው ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያ ባዶ ገጽ ሩጫው የቆመበትን ጊዜ በራሱ ይናገራል።

ደብተር የሌለው ቡድን የሰፈሩን እድር መዝገብ፣ የቀበሌ ደብዳቤዎችን፣ የአባላትን የድሮ ስልኮች ይመልከት። የውድድር ቀን ለማረጋገጥ ደግሞ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ሄዶ የአዲስ ዘመን ጋዜጣን የስፖርት ገጾች ማገላበጥ ብዙ ክርክር ይዘጋል።

እዚህ ላይ ከሌላ አገር አንድ ነገር ላንሣ። ሃሽ ሃውስ ሃሪየርስ የሚባለውና ዛሬ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ ያለው የማኅበራዊ ሩጫ ቡድን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1938 በኩዋላ ላምፑር ነው። ከመሥራቾቹ ዋነኛው የነበረው አልበርት ጊስፐርት ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1942፣ በሲንጋፖር ውጊያ ሞተ። ስለዚህ የአጀማመሩን ታሪክ መናገር የወደቀው በሕይወት በተረፉት ጓደኞቹ ላይ ነው። መሥራቾቻችሁ በሕይወት ካሉ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ አነጋግሯቸው።

«መቼ ተመሠረተ?» የሚለው ጥያቄ

ብዙ ጊዜ የሚወስደው ይህ ጥያቄ ነው፤ እኔም የምቆይበት በዚሁ ነው። የእኛ ነባር አባላት ለዓመታት ተከራክረውበታል። አንዱ ወገን ቡድኑ የተመሠረተው በ1993 ነው ይላል፤ ሌላው 1994 ነው ይላል፤ ቨርጂኒያ የሚኖር የቀድሞ አባላችን ደግሞ በስልክ «2001 ነው» ብሎ ድርቅ አለ።

ደብተሩ ሲገኝ የ1994 ወገን የረታ መስሎ ነበር። ይሁን እንጂ የ1993 ወገን አንድ ነገር ደጋግሞ ይናገር ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ጭቃው ጫማ ይነቅል ነበር፣ እንዲያውም የአንዱ ሰው ግራ ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በካልሲ ተመልሷል። ኅዳር ማብቂያ ላይ በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ጭቃ አይታሰብም። ይህን ያህል የጠራ ትዝታ ደግሞ ከሜዳ ተነሥቶ አይፈጠርም። ነገሩ የተፈታው ሰዎቹ ለምን መሮጥ እንደጀመሩ በተጠየቁ ጊዜ ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ነበር፤ 10,000 ሰው የተሳተፈበት የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሲሆን፣ ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ጥቂት የሰፈራችን ሰዎች ሩጫው እንደሚካሄድ ሰምተው በ1993 ክረምት፣ በጭቃው ውስጥ፣ ልምምድ ጀመሩ። ሩጫው ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ኅዳር 30፣ «እንዲህ ከተላመድን አንበተን» ተባብለው መዋጮ አዋጡ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አምስት ወር እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን እንቁጣጣሽ በመሀል ስለገባ ዓመቱ ተቀይሯል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ደግሞ ሁለቱም 2001 ውስጥ ይውላሉ። ሦስቱም ተከራካሪዎች ልክ ነበሩ።

ስለዚህ የምሥረታ ቀንን በድምፅ ብልጫ አትወስኑ። ሰዎች አብረው መሮጥ የጀመሩበትንና ቡድን መሆናቸውን ያወቁበትን ቀን ለይታችሁ ሁለቱንም ጻፉ። የምስክር ወረቀት ያለው ማኅበር ከሆነም የምዝገባው ቀን ሦስተኛ ሆኖ ይቀመጥ እንጂ የሁለቱን ቦታ አይውሰድ።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር በጥንቃቄ ያዙት። ከእንቁጣጣሽ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይሆናል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ከዚህ ላይ 7 የቀነሰ ሰው 1953 ብሎ ይጽፋል፤ ቀኑ ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ ያውም የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነበር። በዓለም ፊት የተከናወነ ነገር በአንድ ቀን ምክንያት ዓመቱ ሊሳሳት ከቻለ፣ የሰፈር ሩጫማ የበለጠ ይሳሳታል። በመጽሐፋችሁ ውስጥ አንዱን አቆጣጠር ዋና አድርጉ፤ ሌላውን ስትጠቀሙ «እ.ኤ.አ.» ማለትን አትተዉ። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ስልክ 6 ሰዓት ብሎ የመዘገበው የማለዳ ፎቶ በእኛ 12 ሰዓት ነው።

ሰዎችን ስታነጋግሩ

በመጀመሪያ ለየብቻ፣ ከዚያ በኋላ በአንድነት አነጋግሩ። በአንድነት ከተጀመረ የመጀመሪያው ተናጋሪ ያለውን ሌላው ይከተለዋል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ካለ ደግሞ ታናሾቹ በአክብሮት ዝም ይላሉ። «መቼ ጀመርክ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይረዳም፤ ሰው ዓመተ ምሕረትን ሳይሆን ሁነትን ያስታውሳልና። ስለዚህ ቀናቸው በማያጠራጥር ነገሮች ላይ አስራችሁ ጠይቁ። ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድም፣ ማለትም መስከረም 15 ቀን 1993፣ ሩጫውን ከማን ጋር ሆነህ አየኸው? በዚያን ጊዜ መሮጥ ጀምረህ ነበር? ለሚሌኒየሙ በዓል፣ መስከረም 1 ቀን 2000፣ ቡድኑ ምን አደረገ? እድሜያቸው ለገፋ አባላት ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ያሸነፈችበት ነሐሴ 1984 ጥሩ መነሻ ይሆናል። እኔ በዚህ መንገድ ጠይቄ «አላስታውስም» ያለኝ ሰው እምብዛም አልገጠመኝም።

ጥያቄዎቹ ትናንሽ ይሁኑ። ዝናብ ሲመጣ የት ትጠለሉ ነበር? ውሻ የሚያስቸግረው በየትኛው መታጠፊያ ላይ ነበር? የቤት ቁልፍ ማን ይይዝላችሁ ነበር? «መሥራቹ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ግን ሙሉ በሙሉ እንድትተዉት እመክራለሁ። በምትኩ እያንዳንዱን አባል «አንተን ማን ጠራህ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በትልቅ ወረቀት ላይ ከስም ወደ ስም በመስመር አገናኙ። በእኛ ወረቀት ላይ ብዙ መስመር የወጣው ሰብሳቢ ሆነው ከሠሩት ከአንዳቸውም አይደለም፤ አንድ ቀን እንኳ ኃላፊነት ይዞ የማያውቅ ልብስ ሰፊ 14 ሰዎችን ጠርቶ ነበር። ይህ ሰው ስሙ በየትኛውም ቃለ ጉባኤ ላይ የለም።

ፎቶግራፍ፣ ቲሸርትና የደረት ቁጥር

ቀን ያልተጻፈበትን ፎቶ ከጀርባው በሚታየው ነገር ለመገመት ይቻላል። የቀላል ባቡሩ አገልግሎት የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ስለሆነ፣ ባቡሩ ተሳፋሪ ጭኖ ሲሄድ የሚታይበት ፎቶ ከዚያ በፊት የተነሣ አይደለም። መስቀል አደባባይ በአዲስ መልክ ተሠርቶ የተመረቀው በሰኔ 2013 ነው፤ ሯጮች ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመላለሱባቸው ግማሽ ክብ እርከኖች በቀድሞ መልካቸው ከታዩ ፎቶው ከእድሳቱ በፊት ነው። የታላቁ ሩጫ ቲሸርትም ቀለሙና ጽሑፉ ስለሚቀያየር ይረዳል፤ ግን ሰው ቲሸርቱን ለዓመታት ስለሚለብሰው የሚያረጋግጥላችሁ ፎቶው ከዚያ ዓመት በፊት እንዳልተነሣ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ባለማስተዋሌ ሦስት ፎቶዎችን ያለ ቦታቸው አስገብቼ ኋላ ማውጣት ነበረብኝ።

በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል የተነሣበትን ቀን ይዞ አይመጣም፤ ባለቤቱ እንደ ፋይል አድርጎ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ቀኑ ተስተካክሎ የማያውቅ የድሮ ካሜራ ላይ ያለውን ቀን አትመኑ። ውጭ አገር ያሉትን አባላት አትርሷቸው፤ የወረቀት ፎቶዎች ብዙውን ጊዜ ከሰው ጋር በሻንጣ ይሄዳሉ፣ ከእኛ የመጀመሪያ ዓመታት ፎቶዎች የሚበዙት የተገኙት ከዚያው ከቨርጂኒያው አባል አልበም ነው። የደረት ቁጥሮችን ስታስቀምጡ መርፌ ቁልፎቹን ንቀሉ፤ ዝገቱ ወረቀቱን ይበላዋል።

በዝርዝሩ ውስጥ የሌሉትን ጠይቁ

ደብተር በቀንና በቁጥር እንደሚታመን ተናግሬያለሁ፤ ነገር ግን የሚመዘግበው ገንዘብ የተጠየቀውን ሰው ብቻ ነው። በደብተራችን ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ስም የሚታየው በጥር 1996 ነው፤ ወንዶቹም ሁሉ «ሴቶች ኋላ ነው የገቡት» ይሉ ነበር። እርሷን ቤቷ ሄጄ ሳነጋግራት ግን ከ1994 ክረምት ጀምሮ ከወንድሟ ጋር እየወጣች፣ ከቡድኑ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሆና ትሮጥ እንደነበረ ነገረችኝ። መዋጮ ክፈይ ያላት ሰው ስላልነበረ ስሟ አልተጻፈም። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ መሮጥ አቆመች፤ ወንድ አባል ሲታመም በቡድን የሚጠይቁ ሰዎች እርሷን በአራስነቷ ሊጠይቋት አልመጡም ነበር። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ቅሬታ ሃያ ዓመት የቆየ አይመስልም ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ በራሷ ቃል እንዲገባ ጠየቅኋት፤ ፈቀደች፤ ገባም።

እንዲህ ያሉ ሰዎች በእያንዳንዱ ቡድን አሉ። ሻይ የምታፈላው እናት፣ ልብስ የሚጠብቀው ልጅ፣ በር የሚከፍተው ዘበኛ፣ ጉልበቱ ተጎድቶ መሮጥ ካቆመ በኋላም ለቁርስ የሚመጣው ሰው። ነባር አባላትን ስታነጋግሩ «ሳይሮጥ ከእናንተ ጋር የነበረ ማን ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ለሁሉም አቅርቡ።

ወደ ጽሕፈቱ ስትገቡ

የሰበሰባችሁትን ሁሉ ማስገባት አያስፈልግም። የሰው ሕመም፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ባለቤቱ ካልፈቀደ ይቅር፤ ያረፈ ሰው ከሆነ ቤተሰቡ አስቀድሞ ያንብበው። ቡድኑ ተጣልቶ ተከፍሎ የሚያውቅ ከሆነ ግን ጠቡን መደበቅ አይገባም፤ የሁለቱንም ወገን ምክንያት በአጭሩ ጻፉና ፍርድ ሳትሰጡ እለፉ። ትዝታና ደብተር ሲጋጩ ሁለቱንም አስቀምጡ። የተቋረጠበትን ዘመንም አትሙሉት። የ2013ቱ ታላቁ ሩጫ በወረርሽኙ ምክንያት ከኅዳር ወደ ጥር 2 ተዛውሯል፣ ከአትክልት ተራ የተነሣው ገበያም ጃን ሜዳን ለወራት ይዞት ነበር፤ ቡድናችሁ በዚያ ዓመት ካልሮጠ «አልሮጥንም» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ረቂቁን ሳታሳትሙ በፊት በእሑድ ቁርስ ላይ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። እኛ በሦስት እሑዶች አንብበን ጨረስን። ገጹን በሰፊ ኅዳግ አትሙና ለእያንዳንዱ ነባር አባል እስክሪብቶ ስጡ፤ በእኛ ረቂቅ ላይ ከተጻፉት እርማቶች ብዙዎቹ የስም አጻጻፍ ሲሆኑ፣ አንዱ ግን የሻይዋ እናት የዳቦውን ዋጋ ለስድስት ወር ሳታስከፍል እንደቆየች የሚናገር ነበር፤ ጋሼ በተንቀጠቀጠ እጃቸው ከኅዳጉ ላይ ጽፈውት አገኘሁት። የደብተሮቹን ፎቶ፣ የድምፅ ቅጂዎቹንና የመጨረሻውን ጽሑፍ ቢያንስ በሁለት ሰዎች ዘንድ፣ በሁለት የተለያዩ ቤቶች አስቀምጡ። ሲታተምም ከመጨረሻው ምዕራፍ በኋላ አሥር ያህል ባዶ ገጾች ይጨመሩበት፤ ካነበቡ በኋላ የሚያስታውሱ ሰዎች ይኖራሉና።